አስራ አንድ ወረቀት በአንድ ፌስታል



ዛሬ ስለ በሽታ ከማውራቴ በፊት ስለ አንድ ፌስታል ልንገራችሁ። ታካሚዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀያይሬያለሁ፣ ፈቃዷንም ጠይቄያለሁ። የቀረው እንዳለ ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። አንዲት እናት ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ልጇን አዝላ ገባች። ከዘጌ ነው የመጣችው፤ በጠዋቱ ጀልባ ጣናን ተሻግራ፣ ከወደቡ ደግሞ በባጃጅ። ልጁን አውርዳ ስታቆመው አየሁት። የቀኝ እግሩ ደህና ነው። የግራው ግን ወደ ውስጥ ዞሯል፣ የሚረግጠው በእግሩ ጠርዝ ነው፣ እዚያች ጠርዝ ላይ ቆዳው ጠጥሯል። ቆልማማ እግር።

"ከተወለደ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"አዎ ዶክተር፣ ሲወለድ ነበረው። ግን እኮ ድኖ ነበር! ቀጥ ብሎ ነበር። ተመልሶ መጣ።"

ይህን ካለች በኋላ ነው ከጉያዋ አንድ ጥቁር ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ የዘረገፈችው። ቆጠርኳቸው። አስራ አንድ ወረቀት። የጤና ጣቢያ ሪፈር፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የራጅ ማዘዣ፣ የክትባት ካርድ፣ የጫማ መረከቢያ፣ ከቀበሌ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ... አንዳንዱ በላብ ደብዝዟል። ማኅተም የሌለው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ በተለያየ እጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፦ "ክትትል ታድርግ"፣ "ለሚመለከተው ክፍል ተልኳል"።

ሰባተኛውን ወረቀት ሳነሳ ደነገጥኩ። ጽሑፉ የኔ ነው። ፊርማውም የኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጀሶው በወጣ ጊዜ፣ "ለልዩ ጫማ ተልኳል" ብዬ ጽፌ ሸኝቻታለሁ። ስልክ ቁጥር አልጻፍኩም። ለማን እንደላክኋት አልጻፍኩም። ከላክሁ በኋላ ትድረስ አትድረስ አልጠየቅሁም። በቃ፣ ላክሁ።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ሕክምናው ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ ታሪኩ አይገባም።

ቆልማማ እግር ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል በግምት በ1ዱ ላይ ይታያል። እናት ምንም አላጠፋችም፤ ግርዶሽ አይታ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። እግሩ በማሕፀን ውስጥ ሲሠራ ጅማቱና አጥንቱ ወደ ውስጥ ተጠማዞ ያድጋል። ደስ የሚለው ነገር ብዙውን ጊዜ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል መሆኑ ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ያመጡት ዘዴ ዛሬ በመላው ዓለም፣ በአገራችንም፣ ዋናው ሕክምና ነው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ በእጅ ቀስ እየተባለ ይቃናል፣ ከእግር ጣት እስከ ታፋ ጀሶ ይደረግበታል፣ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል። አምስት ስድስት ጊዜ ያህል። ከዚያ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላቀቅና ለሦስት ሳምንት የመጨረሻው ጀሶ ይደረጋል። ጀሶው ሲወጣ እግሩ ቀጥ ብሎ ታያላችሁ። ቤተሰብ እልል ይላል። እኛም ፎቶ እናነሳለን።

ችግሩ የሚጀምረው እልልታው ካለቀ በኋላ ነው። እግሩ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ሁለት ጫማ በአንድ ብረት የተያያዙበት ልዩ ጫማ ማድረግ አለበት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሲተኛ ብቻ፣ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ። ጀሶው ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ጫማው ግን ዓመታት። የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚሠራው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን እናትየው ቤት፣ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ልጁ ሲያለቅስ ነው። ተመልሶ የሚጣመመው እግር አብዛኛው ጫማው ስለተቋረጠ ነው።

ታዲያ በዚህች እናት ላይ ምን ደረሰ? ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረን አብረን ቆጠርነው። ልጇ በስምንተኛው ወር ጫማው ጠበበው። ወደ ከተማ ይዛው መጣች። በዚያ ቀን የእሱ ልክ አልነበረም፣ "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ" ተባለች። ሁለት ሳምንቱ የቡና ለቀማ ሰዓት ላይ ወደቀ፤ ዘጌ ደግሞ ኑሮው ቡና ነው። አማቷም ታመሙ። ወር አለፈ። በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ጤና ኬላ ስትሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የጠበበውን ጫማና የቆሰለውን ጣት አየች። ስለዚህ ጫማ ማንም አስተምሯት አያውቅም። አዝና "ልጁን አታሠቃዪው፣ አውልቂለት" አለቻት።

አወለቀችለት።

እንግዲህ ፍረዱ። ጀሶ ያደረገው ባለሙያ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ጫማ ያደለው ክፍል ያለውን ሰጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቆሰለ ጣት አይታ የሰው ልጅ የሚያደርገውን አደረገች። እናትየው የተባለችውን ሁሉ ሰማች። እኔም "ተልኳል" ብዬ ጽፌያለሁ። ሁላችንም ትክክል ነን፣ የልጁ እግር ግን ተጣሟል። እርስ በርሳችን አንተዋወቅም ነበር። በሁላችንም መካከል ያለው ብቸኛ ግንኙነት ያቺ እናት ናት፣ እሷ ደግሞ ወረቀቶቹን ማንበብ አትችልም።

ከተማችን ባዶ ናት እንዳትሉ። ፈለገ ሕይወት አለ። ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አለ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ፣ ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሆፕ ዎክስ የተባለው ድርጅት በአገራችን ከመንግሥት ሆስፒታሎች ጋር ሆኖ የቆልማማ እግር ክሊኒኮችን ይደግፋል። የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አለ፣ ልዩ ፍላጎት ያጠኑ መምህራን አሉ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አሉ። ሁሉም ግን የራሱ ካርድ፣ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ የቀጠሮ ቀን አለው። አንዱ ማክሰኞ ይቀጥራል፣ ሌላው ሐሙስ። ለኛ የሁለት ቀን ልዩነት ነው። ከጣና ማዶ ለሚመጣ ሰው ሁለት ጊዜ የጀልባ ነው፣ ሁለት ጊዜ የባጃጅ ነው፣ ምናልባትም አንድ አዳር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሪፈር ተራ ለመጣ ሰው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ የጀልባውን ግን አይሸፍንም። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ አስቡት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 26 ላይ የተሃድሶ አገልግሎት በተቻለ መጠን ቀድሞ ይጀመር፣ የተለያዩ ሙያዎች በጋራ የሰውየውን ፍላጎትና አቅም መዝነው ይሥሩት ይላል። በጋራ! ሕግ ሆኖ ተቀምጧል። እኛ ግን እያንዳንዳችን ለየብቻ መዝነን ለየብቻ ጽፈን እንልካለን።

ይሄ የማይቻል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ አጠገባችን የሚሠሩትን እዩ። የዶክተር ካትሪን ሐምሊን የፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 ከአዲስ አበባ ውጪ የመጀመሪያውን ማዕከል የከፈተው ባሕር ዳር ነው። በተራዘመ ምጥ ፊስቱላ የደረሰባት ሴት ሽንቷ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ አንዳንዷ ነርቧ ተጎድቶ እግሯ ሽባ ሆኖ ትመጣለች፣ አንዳንዷ ለዓመታት ከሰው ተገልላ ኖራ መናገር ትታለች። እነሱ ቀዳዳውን ሰፍተው ብቻ አይሸኙም። ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ምክር አለ፣ ወደ ቀዬዋ ስትመለስ ምን እንደምትሠራ የሚያስብ ሰው አለ፣ ሌላዋ እንዳትጎዳ አዋላጅ ነርሶችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ አለ። የጣናን ዳር ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባለውን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ባለሙያው ልጁ ቤት ድረስ ይሄዳል፣ እናቱን እቤቷ ባለው ዱካና መከዳ ያሠለጥናታል፣ ከመምህሩም ከቀበሌውም ጋር ይነጋገራል። ጎንደር የተማሩ ፊዚዮቴራፒስቶች ዛሬ በኛም ሆስፒታሎች ይሠራሉ፤ ይህን ልጅ በተመለከተ መጀመሪያ የደወልኩትም ለአንዱ ነው።

አዎ፣ ደወልኩ። እናትየዋ እዚያው ቁጭ ብላ እያለች።

ፊዚዮቴራፒስቱ ልጁን በዚያው ቀን አየልኝ። እሱ ደግሞ ጫማ የሚሠራውን የአካል ድጋፍ ባለሙያ በስሙ ያውቀዋል፤ አብረው ምሳ ይበላሉ! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ "ለሚመለከተው ክፍል" እያልኩ የምጽፍለት ሰው ስም ያለው፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ሲስቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ነገሩን ስነግረው አንድ ነገር አለኝ፤ "ዶክተር፣ ልጁ ሲጨርስ ሳይሆን ሦስተኛው ጀሶ ላይ ደውልልኝ። ያኔ ልኩን አውቄ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።" ይህችን አንዲት አረፍተ ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ብሰማት ኖሮ!

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም አገኘናት። ስልኩን ስታነሳ ደንግጣ ነበር፣ ልንወቅሳት የደወልን መስሏት። የጫማውን ፎቶ በቴሌግራም ላክንላት፤ ተረከዙ እስከ ታች መግባቱን እንዴት እንደምታይ፣ ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ አልፈው ከታጠፉ ጠቧል ማለት እንደሆነ፣ ቆዳው ቀልቶ ቢቆስል ዝም ብሎ ማውለቅ ሳይሆን በዚያው ቀን መደወል እንዳለባት ነገርናት። አስር ደቂቃ አልፈጀም። በአካባቢዋ ሌላ አንድ ሕፃን እንዳለ የነገረችንም ያኔ ነው፤ የተወለደው ገና በሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቶሎ አመጣችልን።

ከዚያ ነገሩ ሰፋ። ጥቂት ሆነን መገናኘት ጀመርን፤ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የአካል ድጋፍ ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ አንዲት መምህርት። የመጀመሪያውን ስብሰባ አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ሰጠን። አንድ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አባልም ጠራን። ሰዓቱ አለፈ፣ አልመጡም። በኋላ ስልክ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ መጥቻለሁ። ምድር ቤት ነኝ። ስብሰባችሁ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ እኔ ደግሞ በዊልቸር ነኝ።" ስለ አካል ጉዳት አገልግሎት ለመነጋገር የተጠራ ስብሰባ! የአገራችን የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል። እኛ አዋጁን አላየንም፣ ደረጃውንም አላየንም። ወርደን ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ከዚያ ወዲህ ቦታውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።

ደብተሩን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። እኛ ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ዳታቤዝ ስናወራ ዝም ብለው ሰሙንና "አስራ ሁለት ወረቀት ከምታደርጉት አንድ ደብተር ስጧት" አሉ። የተማሪ ደብተር፣ ባለ 50 ገጽ። ከፊቱ ሽፋን ውስጥ የእያንዳንዳችን ስምና ስልክ። ደብተሩ የእናትየዋ ነው፣ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፤ ልጁን ያየ ሁሉ እዚያው ላይ በአማርኛ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ያየውንና ቀጥሎ የሚደረገውን ይጽፋል። በሐኪም ጽሑፍ አይደለም ብለናል። ለኔ ነው የተባለው መሰለኝ።

ቴሌግራም ግሩፕም ከፍተናል፣ ግን በጥንቃቄ። የልጅ ፊት የሚታይበት ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ ካርድ ቁጥር አይገባበትም። እናት ሳትፈቅድ የእግሩም ፎቶ አይላክም። ስልካችን ይጠፋል፣ ልጆቻችንም ይከፍቱታል።

ሁሉም ነገር ግን እንደ ቆልማማ እግር መጨረሻ ያለው አይደለም። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለችን፣ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። በወሊድ ጊዜ ወይም በሌላ ምክንያት ገና በእድገት ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ጡንቻዎቿ ይግተረተራሉ፣ ብቻዋን አትቀመጥም። አያቷ ናቸው የሚያሳድጓት። ደግ ሰዎች ዊልቸር ሰጥተዋታል፤ የትልቅ ሰው ዊልቸር። ልጅቷ መሐሉ ላይ ሰጥማ አንገቷ ወደ ጎን ወድቆ ነው የምትውልበት። ስለዚህ አያቷ ሲያጎርሷት እዚያ አያስቀምጧትም፣ አስተኝተው ነው የሚያጎርሷት። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ በሳንባ ምች ተኛችብን። እኛ ሐኪሞች ሳንባውን አከምን፣ አንቲባዮቲክ ሰጠን፣ ሸኘን። ሦስቱንም ጊዜ!

"እማማ፣ እስቲ ሲያጎርሷት አሳዩኝ" ያለቻቸው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። እኔ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። አስተኝተው ገንፎውን ሲያጎርሷት ትን አላት፣ አሳለች። ምግቡ ወደ ሳንባዋ ነበር የሚሄደው። የዊልቸሩ ልክ ነበር ሳንባ ምቹን የሚያመጣው ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን የአካል ድጋፍ ባለሙያው ከእንጨትና ከስፖንጅ በልኳ የምትቀመጥበት ወንበር ሠርቶላታል፤ ጀርባዋ ቀጥ፣ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ጎንበስ ብሎ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይጣደፉ። ከበላች በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። ወንበሩን ወደ ትምህርት ቤት መውሰድ ይቻል እንደሆነ መምህርቷ እየጠየቀች ነው። መልስ ገና አልተገኘም፣ የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ሁለት ደረጃ አለ።

ከውጭ አገር ዊልቸር የምትልኩ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግን ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ልክ ጠይቁ። ቁመቷ፣ የዳሌዋ ስፋት፣ የምትኖርበት መንገድ ኮብልስቶን ይሁን ጭቃ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዊልቸር ለሰውየው ተለክቶና ተስተካክሎ ነው የሚሰጠው ይላል። በጅምላ መጥቶ ፎቶ ተነስቶ የሚታደል ዊልቸር ጉዳት አለው። ይህን ስጽፍ የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል እቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ወይም ገጠር ያለ ዘመዱ ጋ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ያለው ብዙ ነው። በዓለም ላይ ከ6 ሰው 1ዱ ከጉልህ አካል ጉዳት ጋር ይኖራል። እናንተ ስማርት ስልክ አላችሁ፣ ታነባላችሁ። ከዚያች እናት የሚለያችሁ ይሄ ነው። ልጁን ይዛችሁ ስትሄዱ "ለሚመለከተው ክፍል" የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ አትቀበሉ። የሚመለከተው ማን ነው? ስሙ? ስልኩ? በየትኛው ቀን አለ? ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ። ሁለት ቀጠሮ በተለያየ ቀን ከተሰጣችሁ "በአንድ ቀን አድርጉልኝ፣ ከሩቅ ነው የምመጣው" በሉ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ማንም ስላልጠየቀ ነው። ወረቀቶቹን በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። አንዱ ባለሙያ ያለው ከሌላው ጋር ከተጋጨ፣ አንዱ "አውልቂ" ሌላው "አድርጊ" ካለ፣ መሐል ላይ ሆናችሁ እናንተ አትዳኙ፤ ስልኩን አገናኟቸውና እነሱ ይነጋገሩ። ሕፃን ስትወለድም እግሯን እዩ። ከተጣመመ "ሲያድግ ይቃናል" የሚላችሁን ሰው አትስሙ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይዛችኋት ሂዱ። ካለፈ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ይታከማሉ፣ ይረዝማል እንጂ።

የዘጌው ልጅ እንደገና ጀሶ ተደረገለት። አራት ጊዜ ተቀየረ። ሦስተኛው ላይ እንደተባልኩት ደወልኩ፣ ጀሶው በወጣበት ቀን ጫማው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ትልቅ ስለሆነ ማታ ማታ እየተጨቃጨቀ ነው የሚያደርገው፤ እናቱ መጀመሪያ የሱን፣ ከዚያ የሚጫወትበትን የጨርቅ አሻንጉሊት እግር በነጠላ ጫፍ እያሰረች ታስተኛዋለች። እንደገና የሚጣመም ከሆነ ጅማቱን የሚያዛውር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ነግሬያታለሁ፣ አልደበቅኳትም።

ባለፈው ሰኞ ግሩፓችን ላይ የደብተሩ ገጽ ፎቶ ገባ። የላከችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። "ጣቶቹ ጫፉ ላይ ደርሰዋል፣ ገና አልታጠፉም። ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይም። የሚቀጥለው ልክ ይዘጋጅ። ሐሙስ ይመጣሉ፣ በጠዋቱ ጀልባ።" ከሥሩ የአካል ድጋፍ ባለሙያው መልሷል፦ "አለ። ስሙን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።"